ባዶዋን የምትመለስ መርከብ

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። አንዲት መርከብ ሰው ጭና ስትሄድ ሌላ መርከብ መጥቶ ጎኗን ወጋት እንበል። ውሃ ይገባል፤ መግባቱ አይቀርም። ታዲያ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብላ ትቆማለች ወይስ ትገለበጣለች? ቀጥ ብላ ከቆመች፣ ጎኗ ተቀዶም ቢሆን፣ ሰው ልጁን አቅፎ፣ አሮጊቷን ደግፎ ወደ ጀልባ ለመውረድ ጊዜ ያገኛል። ከተጋደለች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደረጃው ግድግዳ ይሆናል፣ በሩ ከራስ በላይ ይወጣል፣ መንገዱን በደንብ የሚያውቅ ሰው ሳይቀር መውጫው ይጠፋዋል።

ይህን ጥያቄ መመለስ የእሷ ሥራ ነው። በመርከብ ደህንነት መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጣ፣ ቀኑን ሙሉ በኮምፒውተር የመርከብ ጎን ትቀድዳለች። እዚህ ጋ ትቀድና ስንት ውሃ እንደገባ ታሰላለች፤ ትደፍነውና ደግሞ እዚያ ጋ ትቀድዳለች። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከመሃል፣ ሁለቱን ክፍል በአንዴ። አንዲት መርከብ በእሷ እጅ በብዙ ዓይነት መንገድ ሳትሰምጥ ባሕር ላይ አትወጣም። የሥራ ባልደረቦቿ «አስማጯ» ይሏታል። ምሳ ላይ ሲያገኟት ዛሬስ ስንቱን ጨረስሽ ይሏታል፤ እሷም ሁሉም ተርፈዋል፣ አንዷ ብቻ ታስቸግራለች ብላ ትመልሳለች። ቀልዱ አይከፋትም። እንዲያውም የጠየቃት ሰው ከልቡ ከመሰላት ምሳው እስኪቀዘቅዝ ታስረዳዋለች።

በተለይ ማስረዳት የምትወደው ስለ አንድ ቱቦ ነው። እሷ ከተወለደችበት ደሴት ሰው የምታመላልሰው መርከብ ሆዷ ውስጥ፣ ከሞተሩ ክፍል ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትልልቅ ባዶ ታንኮች አሏት። በመካከላቸው፣ ከሞተሩ ሥር፣ ሰው ሊሾልክበት ምንም የማይቀረው ወፍራም ቱቦ ያልፋል። ሥራው ምን መሰላችሁ? የግራው ታንክ ተቀደደ እንበል። ውሃ ይሞላዋል፤ መርከቧ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ቱቦው ያን ጊዜ ውሃውን ተቀብሎ ወደ ቀኙ፣ ወደ ጤነኛው ታንክ ያሻግረዋል። ያልተጎዳውን ጎን በገዛ እጅ ውሃ ማጠጣት ማለት ነው። መርከቧ ትንሽ ዝቅ ትላለች፣ ግን ቀና ትላለች። ነገሩ ተማሪ ሳለች መጀመሪያ የገባት ቀን፣ ካፍቴሪያ ውስጥ ሁለት ብርጭቆና አንድ ገለባ ይዛ ጓደኞቿን ምሳ አላስበላ ብላቸው ነበር።

የዚያች መርከብ የጉዞ ፈቃድ ሊያልቅ ሲል፣ ሄዳ አይታ የምትፈርመው እሷ እንድትሆን ጠየቀች። ለአለቃዋ የነገረችው ሥራውን ነው፤ ልቧ ያለው ግን እናቷ ጋ ነበር። ታላቅ ወንድሟም የዚያችው መርከብ መካኒክ ነው። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መስሏት በደስታ ተሳፈረች። ጉዞው ሰላማዊ ነበር። መንገድ ላይ ከተራራ የሚተልቁ የጭነት መርከቦች ከፊታቸው ሲያልፉ፣ ተሳፋሪው እጁን እያውለበለበ ሲያያቸው፣ እሷ ብቻ አፍንጫቸው ከውሃ በታች ምን ያህል እንደሚሾል በግምት እየለካች ነበር።

ደሴቲቱ ደርሰው ሰው እንደወረደ፣ ከመርከቧ ጎን አንድ ወፍራም የውሃ ጎማ ወጥቶ የወደቡ መድረክ ላይ ወዳለው የውሃ ታንከር ሲዘረጋ አየች። ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ቆመዋል። እናቷም መሃላቸው አሉ፤ ጀሪካናቸውን ከፊታቸው አቁመው ከባለሱቋ ጋር ይሳሳቃሉ።

እናቷ በስልክ ሁልጊዜ፣ ወንድምሽ ውሃ ያመጣልናል፣ ይባረክ፣ ይሏት ነበር። የደሴቲቱ ጉድጓዶች ጨዋማ ከሆኑ ወዲህ፣ ውሃ ታመጣ የነበረችው ጀልባም ከቀረች ወዲህ፣ እሱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር ይሉ ነበር። እሷም አሜን ትላለች። በምንድን ነው የሚያመጣው ብላ ግን አንድ ቀን አልጠየቀችም። በበርሜል መስሏታል።

ወንድሟ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሲመጣ የት ተጭኖ እንደመጣ ጠየቀችው። በኩራት ወደ መርከቧ ሆድ ጠቆማት። ሁለት ግዙፍ ታንኮች አየር ታቅፈው ሲመላለሱ ማየት ያንገበግበው እንደነበር ነገራት። አንድ ቀን አጥቦ፣ ለመጠጥ ውሃ የሚሆን ቀለም ቀብቶ ሞላቸው። በመጀመሪያው ጉዞ ግን ውሃው በቱቦው ወዲያና ወዲህ እየተሻገረ መርከቧን እንደ ሰካራም አንገዳገዳት። ትሪ ላይ ውሃ ይዞ የተራመደ ሰው ያውቀዋል፤ ትሪው በትንሹ ዘመም ካለ ውሃው ሁሉ ወደ ዘመመበት ይሮጥና ይባስ ያጋድለዋል። ስለዚህ ታንኩ ውስጥ ገብቶ የቱቦውን አፍ በድፍን ብረት ከደነው፣ በብሎን አሰረው። ከዚያ ወዲያ መርከቧ ጨዋ ሆነች። ለቁጥጥር የሚመጡት ሰዎች ከውጭ ያለውን ቫልቭ ያያሉ፤ ቫልቩ ክፍት ነው፤ አመስግነው ይሄዳሉ። እሱም አልደበቃቸውም፤ ታንኩ ውስጥ ገብቶ ያየም፣ የጠየቀውም አልነበረም።

ውሃው ተቀድቶ ሲያልቅ ባትሪ ይዛ ወደ ታንኩ ወረደች። መግቢያው ቀዳዳ ትከሻዋን ያዘው፤ አንድ እጇን አስቀድማ፣ አየር አስወጥታ፣ በስንት መከራ ገባች። ውስጡ ቀዝቃዛና ጠባብ ነው፤ የመርከቧ የጎን አጥንቶች በየእርምጃው መንገድ ይዘጋሉ፤ መቆምም መቀመጥም አይቻልም። ጎንበስ ብላ እየዳኸች ቱቦው ጋ ደረሰች። ክዳኑ እዚያ አለ። ውሃ እንዳያሾልክ ከሥሩ የገባው ጎማ በልክ ተቆርጧል፣ ብሎኖቹ ዙሪያውን እኩል ጠብቀዋል፣ ቀለም ሳይቀር ተቀብተዋል። ወንድሟ ከላይ አንገቱን ሲያስገባ ብርሃኑ ጠፋ።

«አየሽው? አንዲት ጠብታ አያሳልፍም።»

«አየሁት፣ ጋሼ» አለችው። ችግሩም ይኸው ነበር፤ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም።

እዚያው ጨለማ ውስጥ ተኮራምታ በጭንቅላቷ መቅደድ ጀመረች። መጀመሪያ የመጡበትን ጉዞ ቀደደችው። ሁለቱ ታንኮች በውሃ ሞልተዋል። የግራው ቢወጋ ምን ይሆናል? ጣፋጩ ውሃ ይወጣል፣ ጨዋማው ይገባል፤ በውሃ ፋንታ ውሃ። መርከቧ መወጋቷን እንኳ ብዙም አታውቀውም። ሲመጡ ደህና ናቸው። ይህ ሲገባት፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥም ደስ አላት፤ እንዲህ ያለ ነገር በመርከቧ የንድፍ ሥዕል ላይ ፈልጋ አታገኘውም ነበር። ቀጥላ መልሱን ቀደደችው። ውሃው ደሴቲቱ ላይ ተቀድቷል፤ ታንኮቹ ባዶ ናቸው። የግራው ሲወጋ ይሞላል። ቱቦው ተደፍኗል። የቀኙ አየር እንደያዘ ይቀራል፣ ወደ ላይ ይገፋል። አንዱ ጎን ይጎትታል፣ ሌላው ያነሳል። መርከቧ ታዘነብላለች፣ ታዘነብላለች፣ የምትቆምበት ቦታ የለም። ደግማ አሰላችው። አሁንም የምትቆምበት ቦታ የለም።

መርከቧ ደግሞ አሁን ያለችው ደሴቲቱ ጋ ነው። ባዶዋን።

ፈቃዱን መፈረም እንደማትችል ስትነግረው ካፒቴኑ መጀመሪያ ሳቀ። በልጅነቷ በዚህ መድረክ ላይ ስትሮጥ የሚያውቃት ሰው ነው።

«ኢንጂነር፣ በዚህች መርከብ ስንመላለስ የማንም እግር ረጥቦ አያውቅም።»

«ስላልተመታን ነው፣ ካፒቴን።»

«ታዲያ ካልተመታን ምን ቸገረሽ?»

የእሷ ሥራ ሁሉ ያለው እዚያች «ካልተመታን» ውስጥ ነው። ፈቃዱ የሚያልቀው በዚያው ቀን ስለነበር መርከቧ ገመዷ ላይ ቀረች። ካፒቴኑ ከዚያ በኋላ መሳቁን ተወው። ወደ ዋናው ምድር ሊሻገር ሻንጣውን ይዞ የመጣው ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ፤ ሲመለስም በእሷ በኩል እያለፈ ነው።

ለአለቃዋ ደወለች። ክፉ ሰው አይደለም፤ በጥሞና አዳመጣት። ክዳኑን አስፈቺ፣ ቱቦው እንደ ሥዕሉ ክፍት ሲሆን ፈርመሽ ነይ፣ የውሃው ነገር የኛ መሥሪያ ቤት ጉዳይ አይደለም አላት። ልክ ነው። ቁልፍ ይዞ ገብቶ ፈትቶ መውጣት ለወንድሟ ምንም አይደለም። ግን እሷ የሄደች ዕለት ክዳኑ ይመለሳል። እዚህ ደሴት ላይ ብሎን ማሰር የማይችል ሰው የለም፤ ውሃ የማይጠማውም የለም። ክዳኑ ተነስቶ ስትፈርም፣ ነገ ተመልሶ እንደሚገባ እያወቀች መፈረሟ ነው። ካልፈረመች ደግሞ የሚቀጥለው ውሃ አይመጣም፤ ታንከሩ ውስጥ ያለው ይቀንሳል፤ እሷም ራሷ ከዚህ አትወጣም።

ወንድሟ አልተቆጣም፤ ይህ ደግሞ ይብስ ነበር። መድረኩ ዳር ተቀምጦ እግሩን ወደ ውሃው አንጠልጥሎ አገኘችው።

«ንገሪኝና አሁኑኑ እፈታዋለሁ» አላት። «ለእማዬ ግን አንቺ ንገሪያት። እኔ አልችልም።»

«ተመልሰህ ታስረዋለህ እኮ፣ ጋሼ።»

«አስረዋለሁ» አለ።

ደሴቲቱ ትንሽ ናት። ከእናቷ ቤት ወጥታ በየትኛውም በኩል ብትሄድ ዞራ እዚያው ነው የምትመጣው፤ በመንገዱም ሰው ሁሉ ያያታል። ባለሱቋ ሳሙና ስትሸጥላት፣ መታጠቢያ ውሃ ካገኘሽ መቼስ ብላ ነው የሰጠቻት። ጎረቤት ሰላምታ አልነፈጋትም፤ ሰላምታው ግን እንደ ደረሰኝ ነው፣ ተሰጥቶ ያልቃል። የእናቷ ቤት ውስጥ ደግሞ ያ የልጅነት ክፍሏ አልጋው አጥሯታል፤ እግሯን ስትዘረጋ ግድግዳውን ትመታለች። እዚያው ተጠቅልላ ላፕቶፗን ሆዷ ላይ አስቀምጣ ያችኑ መርከብ ትቀድዳለች። መልሱ አይለወጥም። በመሥሪያ ቤቷ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ እንዲህ ታፍና አታውቅም፤ እዚያ ሲከብዳት የቀደደችውን ደፍና ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

እናቷ ስኒዎቹን በጥቂት ውሃ አጥበው፣ ያንኑ ውሃ ለወለሉ ሊያደርጉት ባልዲ ውስጥ ሲገለብጡ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። ስለ ታንኩ፣ ስለ ቱቦው፣ ባዶ ስለመመለስ። በብርጭቆና በገለባ ሳይሆን በባልዲው አሳየቻቸው። ሌላው ሰው የልጃቸውን ሥራ ሲጠይቃቸው መርከብ ታያለች የሚሉት እናት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ ያን ጊዜ ወንድሟ የት እንደሚሆን።

ከታች፣ ሞተሩ ክፍል። በሁለቱ ታንኮች መካከል።

ቀና ብለው አዩዋት። «ይህን ከነገርሽኝ በኋላ እንዴት አድርጌ ነው ያንን ውሃ የምጠጣው?» አሏት። «ካልጠጣሁስ ምን ልጠጣ ነው? ሁለቱንም በሮች ዘግተሽብኝ መጣሽ እኮ፣ ልጄ።»

የእናቷ ቃል ግን አልለቀቃትም። ሁለት በር። ታንክ ሲባል እሷም፣ ወንድሟም፣ ደሴቲቱም የሚያስቡት ሁለቱን የጎን ታንኮች ብቻ ነው፤ ባዶ ስለሆኑ። ባዶ ነገር ዓይን ይስባል። ወደ መድረኩ ወረደችና ወንድሟን ከታች፣ ከመርከቧ ወለል ሥር፣ መሃል ለመሃል ያለው ረጅም ታንክ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀችው። የባሕር ውሃ ነዋ፣ አላት፤ መርከቧ ረጋ ብላ እንድትቀመጥ ከተሠራች ጀምሮ ተሸክማው ትዞራለች።

«ለምን የባሕር?»

ወንድሟ እብድ እንዳየ ሰው አያት። ከዚያ ገባው። ከመድረኩ ተነሳ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ለክብደት ከሆነ ጣፋጩም ውሃ ያው ውሃ ነው። ታንኩ መሃል ስለሆነ ከጎን የሚመጣ መርከብ አይደርስበትም፤ ጠባብ ስለሆነ ውሃው ወዲያና ወዲህ የሚሮጥበት ሜዳ የለውም። የጎኖቹ ታንኮች ባዷቸውን፣ ቱቦው ክፍት ሆኖ፣ እንደ ሥዕሉ ይቀራሉ። ከሁለቱ ታንኮች ያነሰ ይይዛል፤ ግን ይይዛል። ሁለቱም በአንድ ላይ ያወሩ ጀመር፤ አንዱ የታንኩን ጨው ስለማጠብ፣ አንዷ ስለ ስሌቱ። ከመጣች ወዲህ እንዲህ ተንፍሳ አታውቅም።

ካፒቴኑ ነበር ከኋላቸው ቆሞ ሰምቶ ያቆማቸው።

«እሺ። እዚህ ከቀዳነው በኋላ በምን ረግተን እንመለሳለን? ባሕር ውሃ ከሞላንበት የሚቀጥለው ውሃ ጨው ጨው ይላል። ካልሞላንበት ደግሞ ከታች የሚይዛት የለም።»

እንደገና ያው የመልስ ጉዞ። ቀልድ የመሰለ ነገር ነው፤ ይህች መርከብ ሁልጊዜ የምታስቸግረው ስትመለስ ነው። ግን በዚህ ጊዜ ጥያቄው መልስ ሊኖረው የሚችል ጥያቄ ነበር፤ የታችኛው ታንክ ባዶ ሆኖ፣ ጎኗ ቢወጋ፣ ቀና ትላለች ወይ? ይህን ለማወቅ የመርከቧ ክብደት መሃሉ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሥዕሉ ይነግርሻል፤ ሥዕሉ ግን የተሠራችበትን ቀን ነው የሚያውቀው። ከዚያ በኋላ ጣሪያ ተጨምሮላታል፣ ወንበሮቿ ተቀይረዋል፣ ቀለም በቀለም ላይ ተቀብታለች። ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው መርከብና መድረኩ ላይ የታሰረችው መርከብ አንድ አይደሉም። መጠየቅ ያለባት ራሷን መርከቧን ነው።

መርከብን መጠየቂያው መንገድ አለ፤ ያረጀና የሚያምር መንገድ ነው። ክብደቱ የታወቀ ነገር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ታሻግሪያለሽ፤ መርከቧ በጥቂቱ ታዘነብላለች፤ ያዘነበለችውን ትለኪያለሽ። ክብደቷ ዝቅ ያለች መርከብ ግትር ናት፤ ብትገፊያትም ብዙ አትንቀሳቀስም። ክብደቷ ወደ ላይ የወጣች ግን ለትንሽ ነገር ትለሰልሳለች። ልስላሴዋ ነው ሚስጥሯን የሚያወጣው።

እናም አሁን የምትሞክረው ይህንን ነው። የታችኛው ታንክ ተቀድቶ ባዶ ሆኗል። ወንድሟ ክዳኑን ፈትቶ መድረኩ ላይ አስቀምጦታል፤ ማንም እንዳይነካው አልተባለም፣ ማንም ግን አልነካውም። ባሕሩ ተኝቷል። ጣፋጩ ውሃ እንዳይባክን የደሴቲቱ ሰዎች ጀሪካኖቻቸውን በባሕር ውሃ ሞልተው፣ በባለሱቋ ሚዛን አንድ በአንድ መዝነው፣ በመርከቧ ግራ ጎን ደርድረዋቸዋል። ሚዛኑን ስታውሳት ባለሱቋ መልሰሽ ካጠብሽልኝ ብላለች። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ከጣሪያው ረጅም የግንበኛ ቱንቢ ተንጠልጥሏል፤ እንዳይወዛወዝ ጫፉ ዘይት ያለበት ባልዲ ውስጥ ገብቷል፤ ከክሩ ኋላ ማስመሪያ ተለጥፏል። ማስመሪያው ላይ አንዲት የእርሳስ ምልክት አለች። ክሩ ከዚያች ምልክት ካለፈ፣ መርከቧ የታችኛውን ታንክ ባዶ አድርጋ መመለስ አትችልም፤ ነገሩ ሁሉ ወደ ክዳኑ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ ካፒቴኑ ሊያይ ብሎ በመሃል ተሻግሯል። ሁለተኛውም አልተሳካም፤ የመድረኩ ገመድ ተወጥሮ መርከቧን ይዟት ነበር። አሁን ገመዶቹ ረግበዋል፣ ካፒቴኑ መድረኩ ላይ በርጩማ ተሰጥቶት ተቀምጧል፤ እንዳትነሳ ተብሏል። ከላይ ጀሪካን ከግራ ወደ ቀኝ ሲሻገር ይሰማታል፤ የእናቷንም ድምፅ ለይታ ትሰማለች፣ ቀስ፣ አታንኳኩት እያሉ። ከዚያ ሰው ሁሉ ከመርከቧ ወረደ፤ ጸጥ አለ።

እሷ በሁለቱ ታንኮች መካከል ተንበርክካለች፣ ጉንጯ ማስመሪያው አጠገብ። ወንድሟ ባትሪውን ይዞላታል፣ ትንፋሹን ውጦ። ክሩ ከቦታው ለቀቀ። ወደ ምልክቷ ሄደ፣ ትንሽ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ።

«አለፈ እንዴ?» አላት በሹክሹክታ።

«ገና አልረጋም» አለችው። «አትንቀሳቀስ፣ ጋሼ።»